የከተማው መስፋትና የሸቀጡ መንገድ

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በአዳማው የፍጥነት መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ጭነት ከተማውን የሚረግጠው በቱሉ ዲምቱ በኩል ነው። በዚያው በቱሉ ዲምቱ ባለፉት ዓመታት ብዙ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠርተው እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ ገብቶባቸዋል፤ በሕንፃዎቹም ምድር ቤት ባለሱቆች ሳሙናና ዘይት፣ ሩዝና መኮሮኒ ደርድረው ይሸጣሉ። ነገር ግን የሳሙናው ካርቶን ከከባዱ መኪና ላይ በቱሉ ዲምቱ አይወርድም። በባለሱቁ ሰፈር አልፎ ወደ መርካቶ ይሄዳል፤ በመርካቶ መጋዘን ይራገፋል፤ ከአስመጪው ወደ ጅምላ ነጋዴው፣ ከጅምላ ነጋዴውም ወደ አከፋፋዩ እጅ ይተላለፋል። ከዚህ በኋላ የቱሉ ዲምቱው ባለሱቅ ከ20 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ተሳፍሮ ይመጣና፣ በሰፈሩ አልፎ የነበረውን ያንኑ ካርቶን ገዝቶ፣ ለተሸካሚው ከፍሎ፣ ለጭነት መኪናው ከፍሎ፣ በመጣበት መንገድ ይመልሰዋል። ሸማቹ ለሳሙናው በሚከፍለው ዋጋ ውስጥ ይህ ሁሉ ደርሶ መልስ ተቈጥሮ ይገኛል።

ስለ ከተማ መስፋት ሲነገር ጉዳዩ የመሐንዲሶችና የማዘጋጃ ቤት ሹማምንት ሥራ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ነጋዴዎች ብዙ ናቸው። ካርታው በቢሮ ይነደፋል፤ ውሳኔው በምክር ቤት ይጸድቃል፤ ነጋዴው ግን መንገድ ሲቈረጥ ወይም ቤት ሲፈርስ ብቻ ነገሩን ይሰማል። እውነቱን ለመናገር ግን ከተማ ያለ ልክ በሰፋ ቍጥር የመስፋቱ ሒሳብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘገበው በነጋዴው ደብተር ላይ ነው፤ በመጓጓዣ ኪራይ፣ በሠራተኛ መዘግየት፣ በራቀ ደንበኛና ባልተሰበሰበ ዱቤ። ከዚህም ሌላ፣ ደስ ባያሰኝም መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከተማይቱን ከሚያሰፏት እጆች መካከል አንዱ የራሱ የነጋዴው እጅ መሆኑ ነው።

አዲስ አበባ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ የተበተነች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ፣ መሳፍንቱና መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ከነሠራዊታቸውና ከነአሽከሮቻቸው የሚሰፍሩበት ቦታ ተመራላቸው። አንዱ ጉብታ ላይ ሲሰፍር ሌላው ወንዝ ተሻግሮ ሰፈረ፤ በመካከሉም መስክና ገደል ቀረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የሚሉት ስሞች እስከ ዛሬ ድረስ የሚያስታውሱት ይህንኑ አሰፋፈር ነው። ማገዶ አልቆ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ በነበረበትም ጊዜ ባሕር ዛፍ ደርሶ ከተማይቱን ከመፈታት አዳናት።

የንግዱም ቦታ እንደዚሁ ተጓዥ ነበር። ጥንት ትልቁ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ መጋዘኖች ወደ ለገሃር አቅጣጫ ተሳቡ። ከዚያም በጠላት ወረራ ዘመን የጣሊያን መንግሥት የአገሩን ተወላጅ ከአውሮፓዊው ለይቶ ለማኖር ሲል የሕዝቡን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ የተባለው ይህ ነው። ነጋዴው በዘር ልዩነት ትእዛዝ የተሰጠውን ያንን ቦታ በራሱ ድካም የአገሪቱ ሁሉ የንግድ እምብርት አደረገው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ እምብርት ብቻ ያላት ከተማ እየሰፋች በሄደች መጠን በዳር የሚኖረው ሰው ከእምብርቱ የሚለየው መንገድ እየረዘመ መሄዱ የማይቀር ነው።

ከተማይቱን በፕላን ለመምራት የተደረገው ሙከራ ጥቂት አይደለም። ከነጻነት በኋላ ከተጋበዙት የውጭ ባለሙያዎች መካከል ስመ ጥሩው እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ነበሩ፤ ፕላናቸውም በ1948 ዓ.ም. ገደማ ቀርቧል። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1944 ለታላቋ ለንደን ባወጡት ፕላን፣ ከተማው ቤት የማይሠራበት አረንጓዴ መቀነት በዙሪያው እንዲታጠቅ ያሳሰቡ ናቸው። የለንደን ነገር ለአዲስ አበባ ነጋዴ ሩቅ ቢመስልም ሊመረመር የሚገባው ነው። መቀነቱ በሕግ ከጸና በኋላ የለንደን ቤቶች ወደ ገጠሩ መግፋታቸው በእርግጥ ቆመ፤ እርሻውና ደኑም ተረፈ። ይሁን እንጂ ቤት ፈላጊው አልቆመም። ከመቀነቱ ማዶ አዳዲስ ከተሞች ተቈረቈሩ፤ ቀድሞ የነበሩትም አደጉ፤ እጅግ ብዙ ሠራተኛ በየቀኑ መቀነቱን በባቡር እያቋረጠ የሚመላለስ ሆነ፤ በመቀነቱ ውስጥ ያለው ቤት ዋጋ ደግሞ ተራው ሠራተኛ የማይደርስበት ሆነ። አጥር ብቻውን የሚያደርገው ይህንን ነው። ለንደን ይህን ስታደርግ ሠራተኛዋን የሚያመላልስ ሰፊ የባቡር መረብ ነበራት፤ ይህ የሌለው ከተማ አጥሩን ቢገለብጥ የሚያተርፈው የዋጋውን መናር ብቻ ነው።

ከአበርክሮምቢ ወዲህ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሁንጋሪያና የጣሊያን ባለሙያዎች በየተራቸው ፕላን አውጥተዋል፤ በኋላም ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ራሳቸው ሥራውን ተረክበዋል። ከእነዚህ ፕላኖች ሁሉ ይልቅ ግን ከተማይቱን የለወጣት አንድ አዋጅ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ቀድሞ የአዲስ አበባ መሬት በአብዛኛው በጥቂት ባለ ርስቶች እጅ ተይዞ ስለ ነበረ አዋጁ ለተከራዩ እፎይታ ነበር፤ የአነስተኛ ቤቶችም ኪራይ ተቀነሰ። ነገር ግን በተወረሰው ቤት ላይ ፎቅ የሚጨምር፣ የዘመመውን ግድግዳ የሚያቀና፣ ባዶውን ጓሮ የሚሠራበት ባለቤት ጠፋ። ከቀበሌ ቤት የሚገኘው ኪራይ ለጣራው ማደሻ እንኳ አልበቃ አለ። በዚህ ዓይነት የከተማይቱ መሀል ለረዥም ዘመን በጭቃ ቤት ዝቅ ብሎ ሲቀር፣ አዲስ ቤት ፈላጊ ሁሉ ወደ ዳር ሄደ። በዳር ለሚታየው መስፋት አንዱ ሥሩ መሀል ላይ የተተከለው በዚያን ጊዜ ነው።

የሕዝቡ ቍጥር ማደጉ አይካድም። በ1976 ዓ.ም. ቈጠራ 1.4 ሚሊዮን ያህል የነበረው ነዋሪ በ1987 ዓ.ም. ከ2.1 ሚሊዮን በላይ፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙ ሰውም ይህን ቍጥር እያነሣ ጥፋቱን ሁሉ ከገጠር በሚመጣው መጤ ላይ ያላክካል። ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከገጠር የመጣ ድኻ የሚይዘው ቦታ አንዲት ክፍል ነው፤ እርሷንም ብዙ ጊዜ ከሦስትና ከአራት ሰው ጋር ይካፈላታል። ከተማን የሚያሰፋው የሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ በላይ፣ ሰው ሳይኖርበት የተያዘው ቦታ ነው።

እዚህ ላይ የነጋዴው ድርሻ ይመጣል። የንግድ ሰው ትርፉን የት ያስቀምጥ? በባንክ ያስቀመጠው ብር ወለዱ የኑሮ ውድነቱን አይከተልም፤ የውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ ስለማይገኝ በፈለገው ጊዜ ሸቀጥ አያመጣበትም፤ አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ገበያም ለብዙ ዘመን አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተመርቆ የተከፈተው ገና በ2017 ዓ.ም. ነው። መሬት ግን አይነቅዝም፤ አይሰበርም፤ የሚያድርበት መጋዘን አይጠይቅም፤ ዋጋውም ከዓመት ወደ ዓመት ይጨምራል። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ቦታውን በቆርቆሮ ያጥረዋል፤ ዘበኛ ያስቀምጥበታል፤ ከዚያም ይጠብቃል። አንድ ነጋዴ ሲያደርገው ይህ ብልኅነት ነው። ብዙ ሰው ሲያደርገው ግን የውሃው ቧንቧ፣ የመብራቱ ሽቦና አውቶቡሱ የታጠረውን ቦታ እያለፉ፣ ከዚያ ወዲያ ወዳለው አዲስ ሰፈር ለመድረስ ይሄዳሉ። ያንን ትርፍ መንገድ የሚከፍለውም ሸማቹና ያው የአጠረው ነጋዴ ራሱ ነው፤ በግብር፣ በነዳጅና በጭነት ኪራይ።

ሕጉ ይህን ሳያውቀው አልቀረም። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ቦታ በሊዝ ሲሰጥ፣ በኋላም አዋጅ ቍጥር 721/2004 ሲወጣ፣ ቦታ የወሰደ ሰው ግንባታ የሚጀምርበትና የሚጨርስበት ጊዜ ተወስኗል፤ በጊዜው ያልሠራም ቦታውን እንዲያጣ ተደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ለብዙ ዓመታት ታጥረው የቆዩ ቦታዎችን ከባለ ይዞታዎቹ መልሶ ወስዷል። ነገር ግን ቦታ መንጠቅ የዘመቻ ሥራ ነው፤ ዘመቻው ሲበርድ አጥሩ እንደገና ይቆማል። ከዚህም በላይ ዘመቻ እውነተኛውን ሠሪ ከአጣሪው አይለይም። ሲሚንቶ ጠፍቶበት፣ ባንክ የጀመረለትን ብድር አቁሞበት፣ የግንባታ ፈቃዱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞረበት ሥራው የቆመበት ነጋዴም አብሮ ይነጠቃል።

ከመንጠቅ የሚሻለው ማስከፈል ነው። የንብረት ታክስ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. መጽደቁ ለነጋዴው አዲስ ሸክም ሆኖ ይታየው ይሆናል፤ ብዙዎችም እንዲህ ይላሉ። ነገሩ የሚወሰነው ግን ግብሩ በምን ላይ እንደሚከብድ ነው። ፎቅ በሠራውና ሱቅ በከፈተው ላይ ከብዶ፣ ባዶ ቦታ ባጠረው ላይ ቢቀል የከተማይቱን መስፋት ያባብሳል። ባዶው ቦታ በየዓመቱ የሚያስከፍል ሆኖ፣ የተሠራበት ግን ቢቀልለት፣ አጣሪው ወይ ይሠራበታል ወይ ለሚሠራበት ይሸጠዋል፤ ዘበኛና ዘመቻ አያስፈልግም። የንግድ ማኅበረ ሰብ በዚህ ጉዳይ አስተያየት ሲጠየቅ የራሱን አጥር ብቻ አስቦ ቢመልስ ሱቁን ይጎዳል።

ሁለተኛው የመስፋት መንገድ የጨረቃ ቤት ነው። ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ቆሞ ሲነጋ ጣራ ለብሶ የሚገኘው ይህ ቤት የሕግ መጣስ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን ማን እንዳሠራው መጠየቅ ይገባል። የሊዝ ጨረታ የሚጠይቀውን ገንዘብ መክፈል የማይችል፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግቦ ዕጣ ሲጠብቅ ዓመታት ያለፉበት ሰው፣ በከተማው ዳር ካለ ገበሬ ቁራጭ መሬት በስምምነት ይገዛል። ገበሬውም ቢሆን መሬቱ ነገ በልማት ስም በትንሽ ካሣ እንደሚወሰድበት ስለሚፈራ ዛሬ መሸጡን ይመርጣል። ሁለቱም የሚገባቸውን ሒሳብ ነው የሠሩት። የሚፈርሰው ቤትም የሁለቱን ገንዘብ ይዞ ይፈርሳል፤ ሰውየውም ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላ ይሠራል።

ሦስተኛው የመንግሥት የራሱ ሥራ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ለብዙ ሺህ ቤተ ሰቦች ጣራ ሰጥቷል፤ ይህን የሚያሳንስ ሰው ቤት ተከራይቶ የማያውቅ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች እንደ ጎተራ ባሉ ለመሀል ቅርብ በሆኑ ቦታዎችም ተሠርተው ነበር። በመሀል ለመሥራት ግን የሰፈረውን ማንሣት፣ ካሣ መክፈል፣ ምትክ ቤት መስጠት ያስፈልጋል፤ ዳር ላይ ያለው እርሻ ግን ርካሽና ክፍት ሆኖ ታየ። ስለዚህ ሕንፃዎቹ እየራቁ ሄዱ፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ። የቀለበት መንገድ ሲሠራ የከተማው ዳር ይመስል የነበረው መሥመር ዛሬ ብዙ ሰፈሮች አልፈውት ሄደዋል። መሬቱ በርካሽ መገኘቱ እውነት ነው፤ ርካሽነቱ ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጓጓዣው ወጪ ግን ሕንፃው እስከ ቆመ ድረስ በየቀኑ ይከፈላል።

የዕለት ወጪው በምን እንደሚገለጥ ለማየት አንድ የቡና ማበጠሪያ መጋዘን በር ላይ ጧት መቆም ይበቃል። በቃሊቲና በአቃቂ በኩል ካሉት መጋዘኖች ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ቀድሞ ከአካባቢው ሰፈሮች በእግራቸው ይመጡ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ኪራይ ፍለጋ ርቀው ስለ ሄዱ ከደመወዛቸው ከፊሉን ለታክሲ ይከፍላሉ፤ ሰልፉ ሲረዝም ይዘገያሉ፤ የጭነቱ ቀን የተቈረጠበት ላኪ ደግሞ መርከቡን አያስጠብቅም። ለከባድ መኪና ባለቤትም ነገሩ እንደዚሁ ነው። መንገዱ በመጨናነቁ ምክንያት የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከባድ መኪናዎች በተወሰኑ የቀን ሰዓቶች በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ ወሰነ። ለተሳፋሪው መልካም ነበር፤ አስመጪው ግን ዕቃውን በሌሊት ማራገፍ፣ ለሌሊት ጫኝና አውራጅ የሌሊት ዋጋ መክፈል ግድ ሆነበት። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡርም ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ ብዙ ተሳፋሪ ቢያነሣም፣ በመለዋወጫ ዕቃ እጥረት ከሥራ የወጡት ባቡሮች ስለ በዙ ተስፋ የተደረገበትን ያህል አላገለገለም።

የባለሱቁ ጉዳት ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ፣ ነዋሪው እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ ዳርቻ ሰፈሮች ተዛውሯል። መሀሉ በጭቃ ቤት እንዳይቀር ከላይ የተባለው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ የትንሽ ባለሱቅ ሀብት በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ማንም ነጋዴ ያውቃል። ዋናው ሀብቱ የዱቤው ደብተር ነው። እማማ እገሊት ደመወዝ ሲወጣ እንደሚከፍሉ፣ ጋሽ እገሌ ቃላቸውን እንደማያጥፉ ለማወቅ ሃያ ዓመት ይፈጃል። ሰፈሩ ሲበተን ደንበኛው ወደ አንዱ ዳር፣ ባለሱቁ ወደ ሌላው ዳር ይሄዳሉ፤ በደብተሩ የቀረው ዕዳ ይሰበሰብ ይሆናል፤ እምነቱ ግን በካሣ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም። የመሀሉን ከተማ ወደ ላይ ማሳደግ የሚያስፈልገው ሰፊው ሕዝብ እዚያው እንዲኖርበት ነው። አሮጌው ነዋሪ ሁሉ ወደ ዳር ከተወሰደ መሀሉ ያምራል እንጂ ከተማው መስፋቱን አላቆመም።

በዳር ስላለው መሬት ሲነገር የባለቤቱን ነገር መዝለል አይቻልም። አዲስ አበባ የምትሰፋው በባዶ ምድር ላይ አይደለም፤ ጤፍና ስንዴ፣ ምስርና ሽንብራ በሚበቅልበት፣ የኦሮሞ ገበሬ በሚኖርበት እርሻ ላይ ነው። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች የሚያቀናጀው ፕላን በ2006 ዓ.ም. ሲሰማ ተቃውሞ ተነሣ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሠረዘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎን፣ ገላንንና ሌሎችንም አጣምሮ ሸገር ከተማን አቋቋመ። እንግዲህ አዲስ አበባን በሁሉም አቅጣጫ የከበባት ሌላ ራሱን የቻለ ከተማ ነው። የሳሙናው ካርቶን ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ሲሻገር ድንበሩን አያውቀውም፤ ፈቃድ ሰጪው፣ ግብር ሰብሳቢውና የአውቶቡሱ መሥመር ግን ያውቁታል። ሁለቱ ከተሞች መንገዳቸውንና ገበያቸውን ተመካክረው ካልሠሩ፣ አንዱ የከለከለውን ሕንፃ ሌላው በአጠገቡ ይፈቅዳል።

ገበያን ከመሀል ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ለማየት የአትክልት ተራ ታሪክ ከሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አለው። አትክልት ተራ ለብዙ ዘመን በፒያሳ አጠገብ ይሠራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ መጨናነቅን ለመቀነስ ሲባል ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ጃንሜዳ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ሜዳ ስለ ሆነ በ2013 ዓ.ም. ከበዓሉ በፊት ለቆ፣ በደቡብ ምዕራብ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር ሄደ። ነጋዴው ተሟግቷል፤ ደንበኛ ይጠፋል ብሎ ፈርቷል። የሆነው ግን ሁለት ዓይነት ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በብዛት የሚመጣው ከደቡብ፣ ከመቂና ከዝዋይ በኩል በመሆኑ፣ የጭነት መኪናው ወደ ፒያሳ ዳገት መውጣቱ ቀርቶለታል፤ ለጀሞና ለለቡ ቸርቻሪም ገበያው ቀርቦለታል። በሌላ በኩል ግን የሽሮ ሜዳዋና የጉለሌዋ ቸርቻሪ ቀድሞ በአጭር መንገድ ታገኘው የነበረውን ሽንኩርት ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጣ ለማምጣት ተገደደች። ዋጋው በአንዱ ሰፈር ሲቀንስ በሌላው ጨመረ ማለት ነው። አንድን እምብርት ከመሀል ነቅሎ በአንድ ዳር መትከል መንገዱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማሸጋገር ነው። ከተማው በኋላ በኮልፌ፣ በአያት አቅጣጫና በአቃቂ ቃሊቲ የግብርና ምርት መሸጫ ማዕከሎችን መጨመሩ ይህንን መረዳቱን ያሳያል።

ለሸቀጡም ነገሩ ያው ነው። መርካቶን ማንሣት የሚያስብ ካለ የአትክልት ተራን ነገር ይመርምር፤ መርካቶም ባለበት ሆኖ ብቻውን ይህችን ሰፊ ከተማ ይመግብ ማለት ደግሞ የሳሙናውን ካርቶን 40 ኪሎ ሜትር በከንቱ ማመላለስ ነው። የሚቻለው መርካቶ የዋጋና የምርጫ ገበያ ሆኖ ሲቀጥል፣ ብዛት ያለውና ዓይነቱ የታወቀው ሸቀጥ፣ ማለትም ሳሙናው፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ዱቄቱ፣ መርካቶ ሳይገባ ከቃሊቲና ከቱሉ ዲምቱ በቀጥታ ወደ ባለሱቁ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የመንግሥት ፕላን ብቻ አይደለም። ጅምላ ነጋዴው ናሙናውንና ሒሳቡን በመርካቶ ይዞ፣ ዕቃውን በከተማው መግቢያ ላይ ማከማቸት ይችላል። ባለሱቆቹም በየፊናቸው ለየብቻ ታክሲ ከሚሳፈሩ፣ የአንድ ሰፈር ባለሱቆች በሳምንት አንድ ቀን ትእዛዛቸውን አጣምረው አንድ አይሱዙ ቢከራዩ ወጪውን ይካፈሉታል።

እንቅፋቱ የት እንዳለ የሚያውቁትም ነጋዴዎቹ ናቸው። ሁለተኛ መጋዘን የሚከፍት ሰው ቅርንጫፉን ማስመዝገብ፣ ለእያንዳንዱ የዕቃ እንቅስቃሴ ደረሰኝ ማዘጋጀት አለበት፤ ዕቃው በአንድ ቦታ ሒሳቡ በሌላ ቦታ ሲሆን ተቈጣጣሪው በጥርጣሬ ያየዋል። በዱቤ የሚገዛው ቸርቻሪ ደግሞ ከሚያውቀው ከመርካቶው አከፋፋይ መለየት ይፈራል፤ ጥሬ ገንዘብ በሌለው ቀን የሚያበድረው እርሱ ነውና። በዳር ለመጋዘን የሚሆን ቦታ በጨረታ ሲወጣም፣ ከሚጫረቱት መካከል ስንቱ ለመጋዘን፣ ስንቱ ለማጠር እንደመጣ በቆርቆሮው ይታወቃል።